እሺ የሚል አንገት

«አንድ... ሁለት... ቀስ ብለው አባህ፤ የሚያባርረን የለም።»

ጁማዲ «አባህ»፣ ማለትም «አባት»፣ የሚላቸውን የሐጂ ማስኩርን ቀኝ እጅ በራሱ መዳፍ ሸፍኖ፣ ጭናቸው ላይ በተጋደመች የቲክ ጣውላ ላይ የብርጭቆ ወረቀት ወደ ፊት ወደ ኋላ ያስኬዳል። ይህ እጅ ከሰባት ወር በፊት በጄፓራ ከተማ እንጨት በሚጠርብ ሁሉ ዘንድ ስሙ የሚጠራ ነበር። መሮ ከጨበጠ ከደረቅ ግንድ ላይ የጃስሚን ሐረግ ያወጣል፤ ሰው ጠጋ ብሎ ሊያሸተው እስኪቃጣው። አሁን ያበጠ፣ የቀዘቀዘ፣ ካልገፉት የማይሄድ እጅ ሆኗል። አንደበታቸውም አብሮ ሄዷል። ሠላሳ ሁለት ሠራተኛ ጉሮሯቸውን በማጽዳት ብቻ ሰጥ ለጥ ያደርጉ የነበሩት ሰውዬ፣ ዛሬ የቀራቸው ከግማሽ ከንፈር የምትወጣ ፈገግታና እሺ የምትል አንገት ናት።

ሆስፒታሉ መጀመሪያ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ ያንቀሳቅሳቸው ነበር። ሦስት ወር ሲሞላ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሥዕል ያለበት ወረቀት ሰጥታ «የቀረው በቤት ነው» ብላ ሸኘቻቸው። የንግግር ሐኪም የሚገኘው ሴማራንግ ከተማ ነው፤ ወረፋው ደግሞ እግዜር ያሳያችሁ። ከዚያ ወዲህ የቀኑ ሥራ ሲያበቃ፣ ሌላው ሠራተኛ ሞተር ብስክሌቱን አስነስቶ ወደ ቤቱ ሲበር፣ ጁማዲ እጁን ታጥቦ ወደ ጓሮው ክፍል ይገባል። ማንም ግባ አላለውም። ማንም ውጣ ያላለውም ከእሱ ሌላ ሰው ስላልተገኘ ነው።

የዚያን ሐሙስ ግን የሐጂ ማስኩር እህት ሙናህ በሩን በእግሯ ገፍታ ገባች። ሙናህ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ እንደ አዲስ መሮ የተሳለ ሴት ናት።

«አንተ ምስጥ! እንጨቱን ተወውና ጆሮህን አቅና!»

«ምነው አክስቴ፣ በደህና?»

«በደህና ነው እንጂ! ዛሬ ጠዋት ወንድሜን ፊት ለፊት ጠየቅሁት። ‹ሩክሚኒን ለጁማዲ እንስጣት ወይ?› አልኩት። ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?» አንገቷን ወደ ታች ወደ ላይ አደረገች። «ሦስት ጊዜ! ኒካህ የሚያስሩትም ሹም ‹አንደበቱ ከተያዘ አንገቱ ይበቃል፤ በእሱ ስም ሌላ ሰው ይናገርለታል› አሉኝ። በሐጅ ወር እንድራችኋለን። በል ያንን የመጋዝ ዱቄት ከፀጉርህ አራግፍ፤ ሙሽራ ልትሆን ነው።»

ሩክሚኒ ከኋላዋ፣ የሻይ ብርጭቆ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ሴማራንግ ተምራ የመጣች፣ የሥራ ቤቱን ደብዳቤና ደንበኛ የምትይዝ የሐጂ ማስኩር አንድያ ልጅ ናት። ጁማዲ ግንድ በጋሪ ሲገፋ የኖረ ሰው ልጅ ነው። ሰው ፊት «እርስዎ» ይላታል፤ እሷም ሰው ፊት ስሙን አትጠራም። አሁን ግን አክስቷ ቆማ እያየች፣ ቀና ብላ አየችውና ፈገግ አለች። ያቺን ፈገግታ ካያት ሰባት ወሩ ነው።

«ማስ፣ ሻይህ ይቀዘቅዛል» አለችው። በነሱ ወግ ማስ የምትባለው ቃል ለታላቅ ወንድምም፣ ለወዳጅም፣ ለባልም ትሆናለች። አክስት ሙናህ ሰምታ እንዳልሰማች ወጣች።

ጁማዲ ሻዩን ተቀብሎ አንድ ጊዜ ፉት አለ። ስኳሩ በዝቷል፤ እሱ እንደሚወደው። ከዚያ ብርጭቆውን መልሶ አስቀመጠው፤ ምክንያቱም ስለዚያች አንገት ከእሱ በቀር በዚያ ቤት ማንም የማያውቀውን ነገር ያውቃል።

ነገሩን ያገኘው በረመዳን ነው። አባህን ሊያጫውታቸው ብሎ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ «አንድ ሳህን የሶቶ ሾርባ ላምጣልዎ?» አላቸው። ጾም ሽረው የማያውቁት ሰውዬ አንገታቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ሳቀ። «ጨረቃ ላይ ወጥተን እንብላው?» አላቸው። ነቀነቁ። «እኔ ሴት ነኝ አይደል?» ነቀነቁ። ያኔ ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። ሌላው ሰው ሐጂ ማስኩርን የሚጠይቃቸው እሺ የሚባልበትን ብቻ ነው፤ «ሻይ ይጠጣሉ? ትራሱን ላስተካክል? ሞቀዎት?» አይ የሚያሰኝ ጥያቄ የሚጠይቃቸው ስለሌለ፣ አይ ማለት እንደጠፋባቸው ያወቀ የለም።

ዝም ካለ፣ ሩክሚኒ ሚስቱ ናት። አንዲት ቃል መተንፈስ አይጠበቅበትም። እነሆ የኖረበት ምኞት በሳህን ቀርቦለታል፤ ልቡ ግን ከደስታ ይልቅ በፍርሃት ነው የሚመታው።

ዝምታ ደግሞ ለጁማዲ አዲስ አይደለም።

ያኔ፣ ከሰባት ወር በፊት፣ የጤና ጣቢያው ሰዎች እሁድ ጠዋት በኳስ ሜዳው ላይ ስለ ስትሮክ ሊያስተምሩ መጡ። ነርሷ ታማሚ መስሎ የሚታይ ሰው ስትፈልግ፣ ሠፈሩ በአንድ ድምፅ «ጁማዲ!» አለ፤ የሰው ፊት በማስመሰል እሱን የሚያህል የለማ! ግማሽ ፊቱን በፕላስተር ወደ ታች ስበው ለጠፉለት። አንድ ክንዱን አንጠልጥሎ፣ እግሩን እየጎተተ፣ እየተንተባተበ ሜዳውን ዞረ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሩክሚኒ ራሷ በሻርፗ ጫፍ እንባዋን ስትጠርግ አይቷታል። ከዚያ ነርሷ ማይክሮፎኑን ይዛ፣ «ሳቃችሁ? እንግዲህ ይህን ፊት የእውነት ስታዩ እንዳትስቁ። ፈገግ በል በሉት፤ እጅህን አንሳ በሉት፤ ተናገር በሉት። አንዱ እንቢ ካለው ወዲያው ወደ ሆስፒታል! ያላችሁ ጊዜ አራት አምስት ሰዓት ብቻ ነው» አለች። ለጁማዲ ከናቴራና አንድ ካርቶን ፓስታ ሰጡት።

ረቡዕ ጠዋት ሐጂ ማስኩር ሥራውን ሊያዩ ከጁማዲ ፊት ቆሙ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የጁማዲ እናት ነጠላ ጫማዋን አጥባ፣ የሙዝና የሩዝ ቂጣ ሳህን ተሸክማ ለልጇ ሩክሚኒን ልትጠይቅ መጥታ ነበር። ሰውዬው የሳህኑን ክዳን እንኳ ሳያነሱ መለሷት። እናቲቱ ሳህኑን ይዛ በዚያ ሁሉ ሠራተኛ መካከል ስታልፍ ያየው ልጅ፣ ረቡዕ ዕለት አቀርቅሮ ነው ሰላም ያላቸው። ወትሮም የጌታን ፊት ትኩር ብሎ ማየት ነውር ነው።

መዶሻው ከእጃቸው ወደቀ። ቀና ሲል የከንፈራቸው ጥግ ወደ ታች ወርዷል፤ አገጫቸውም ረጥቧል። አወቀው! እሁድ ዕለት ራሱ በፕላስተር የለጠፈው ፊት ነው። «አባህ፣ እስቲ ፈገግ ይበሉ» ሊል አፉን ከፈተ። ግን ሠራተኛው ሁሉ እያየ፣ የተናቀ ልጅ የናቀውን ሰው ፈገግ በል ሊለው ነው? አሾፈብኝ አይሉም? እያመነታ መዶሻውን አንስቶ፣ እንደ ወጉ በሁለት እጁ፣ ዝቅ ብሎ አቀረበላቸው።

ሐጂ ማስኩር በግራ እጃቸው ተቀበሉት።

በጄፓራ በግራ እጅ የሚቀበል ሰው ወይ ሕፃን ነው ወይ ሊሰድብ የፈለገ ነው። ጁማዲ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። «ይህን ያህል?» አለ በሆዱ። «እኔን በግራ እጅ?» ቀኝ እጃቸው በድን ሆኖ ጎናቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ዓይኑ አይቷል፤ የበገነ ልቡ ግን ሊያይ አልፈለገም። ተመልሶ አቀረቀረ። ሰውዬው ግድግዳ እየተደገፉ ወደ ቤት ሲገቡ፣ በተሳሰረ ምላስ «ነፋስ... ገብቶብኛል» ሲሉ ሰማ። ሩክሚኒ ደንግጣ አስተኛቻቸው። እንደ እናት እንደ አያቷ ልማድ ጀርባቸውን ዘይት ቀብታ፣ ነፋሱ እንዲወጣ በሳንቲም ጠርዝ ቀይ መስመር እስኪያወጣ ትፍቃቸው ጀመር። ፈቀች፣ ፈቀች። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ እስክታዘቀዝቅ ፈቀች። ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ ሰዓቱን አየና፣ «እስካሁን የት ነበራችሁ?» ብቻ አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሩክሚኒ እጇን ጠላችው። «በዚህ እጄ ነው የገደልኳቸው» እያለች ስታለቅስ፣ ጁማዲ አጠገቧ ተቀምጦ «አይዞሽ፤ አላወቅሽም» ይላታል። እውነቱን ነው፤ እሷ አላወቀችም።

አርብ ዕለት፣ ሠራተኛው ለጁምዓ ሶላት ሲወጣ፣ ጁማዲ በተቆለለው የብርጭቆ ወረቀት ሥር ደብዳቤ ሸጎጠ። ድሮ፣ መተያየት በተከለከሉበት ጊዜ፣ የፍቅር ፖስታ ቤታቸው እዚያ ነበር። የዛሬው አጭር ነው። «ሩክ፣ ኒካሁ ይቆይ። ለምን እንደሆነ ፊት ለፊት ልንገርሽ። የማፈቅርሽ ጁማዲ።» ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስት ጊዜ ቀዶ ያተረፈው ይህንኑ ነበር።

ከመስጊድ ተመልሶ ወደ ጓሮው ክፍል ሲገባ፣ ሩክሚኒ ከአባቷ አጠገብ ቆማ ጠበቀችው። ወረቀቱ እጇ ውስጥ ተጨማድዷል።

«ይቆይ?» አለችው። «ምኑ ነው የሚቆየው?»

«ሩክ፣ ረጋ በይና...»

«አባቴን መሸከም ከበደህ? ተናገራ! እጃቸውን ማሸት በቀን አንድ ሰዓት ጥሩ ነበር፤ ሽንት ጨርቃቸውን ዕድሜ ልክ ማጠብ ሲመጣ ልብህ ከዳህ? እኔ ሞኟ ትናንት ማታ የእናቴን የሠርግ ጨርቅ አውጥቼ ሳሸትት ነበር እኮ!»

«እሳቸውንማ እስክሞት እሸከማለሁ።»

«ታዲያ እኔ ነኛ የከበድኩህ!»

ጁማዲ ከወንበሩ ፊት በጉልበቱ ተንበረከከና የሽማግሌውን እጅ ግንባሩ ላይ አደረገ። «አባህ፣ ይቅር ይበሉኝ። አላሾፍብዎትም» አላቸው። ከዚያ ቀስ ብሎ ጠየቃቸው። «ዝናብ እየዘነበ ነው?»

ውጭ ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ታንጣጣዋለች። ሐጂ ማስኩር አንገታቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

«ስምዎ ፓርማን ነው?» ፓርማን አንድ ጊዜ ነቀዝ የበላው ግንድ የሸጠላቸው፣ ስሙ ሲነሳ ምራቃቸውን የሚተፉበት ነጋዴ ነው። ሐጂ ማስኩር በዚያች በግማሽ ከንፈር ፈገግ ብለው ነቀነቁ።

«ይቀልዳሉ» አለች ሩክሚኒ። ድምጿ ግን ተሰብሯል። «አባህ ቀልደኛ ናቸው፤ ድሮም...»

«ሩክ፣ አባህ ድሮ ቀልደው ያውቃሉ?»

ሩክሚኒ ገፋ አድርጋው እሷም ተንበረከከች። የአባቷን ፊት በሁለት መዳፏ ያዘች። «አባህ፣ እኔ ነኝ። ልጅዎ ነኝ። ልብ ብለው ይስሙኝ። ጁማዲን ላግባው?»

ነቀነቁ።

እንደ ሕፃን ደስ አላት፤ ዞራ ልታየው ስትል ግን የሆነ ነገር ያዛት። ወደ አባቷ ተመለሰች። «አባህ... ጁማዲን አላግባው?»

ነቀነቁ። ያው ፈገግታ፤ ያው የዋህ ዓይን።

ሩክሚኒ እጆቿ ከአባቷ ጉንጭ ላይ ተንሸራተው ወረዱ። አባቷን የሞቱ ያህል አየቻቸው። ሰባት ወር ሙሉ «ይሰሙኛል፤ ያውቁኛል» እያለች ያወጋቻቸው ወግ ሁሉ ባዶ ቤት ውስጥ ሲያስተጋባ የኖረ መሰላት። ጁማዲ ትከሻዋን ሊይዝ እጁን ሰደደና መልሶ ሰበሰበው።

«ምንም አይሰሙም ማለት አይደለም» አላት። «አይ ማለት ነው የጠፋባቸው። የሚያስተምር ሰው ካገኙ ይመለስላቸው ይሆናል። ሴማራንግ ላይ እናስመዝግባቸው፤ በሞተር አመላልሳቸዋለሁ። አዎና አይ ለይተው እስኪናገሩ እንጠብቅ።»

«እና አይ ቢሉስ?»

«ከአፋቸው እሰማዋለኋ።»

ሩክሚኒ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ አየችው። የዚያችን ቅጽበት ያህል ወዳው አታውቅም፤ ጁማዲም ከዓይኗ አነበበው። እዚያ ላይ ማብቃት ይችል ነበር። ክፉ ዕዳ ሆነና፣ ካፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚሉት መመለሻ እንደሌለው እያወቀ፣ ቀጠለ።

«ያልነገርኩሽ አለ። ያን ረቡዕ... እኔ አይቼ ነበር።»

«ምኑን?»

«አፋቸውን። መዶሻው ሲወድቅ አፋቸው ተጣሞ አይቻለሁ። ምን እንደሆነ አውቄያለሁ ሩክ፤ እሁድ ዕለት ራሴ ያሳየሁት ነበር። ልናገር ስል በግራ እጃቸው ተቀበሉኝ። የሰደቡኝ መሰለኝ። የእናቴ ሳህን ትዝ አለኝና... ዝም አልኩ።»

የጓሮው ዶሮ ሲጭር ይሰማል። ሩክሚኒ ስትናገር ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር።

«እኔ ስፍቅ፣ አንተ ውጭ ሆነህ ታውቅ ነበር?»

«ትንሽ ነገር ነው፣ ተቆጥተው ነው እያልኩ ራሴን...»

«ታውቅ ነበር ወይ ነው ያልኩህ!»

«አዎ።»

«ያቺን ሳንቲም ልጥላት ስንት ጊዜ ባሕር ዳር ሄጄ እንደተመለስኩ ታውቃለህ? ሳህን ሳጥብ እጄን ላለማየት ዓይኔን እንደምጨፍን ታውቃለህ? ነግሬሃለሁ እኮ! ለሌላ ለማንም አልነገርኩም፤ ለአንተ ነው የነገርኩህ። አጠገቤ ተቀምጠህ ‹አይዞሽ፣ አላወቅሽም› አልከኝ።» ደረቷን መታች። «ያን ጠዋቱንስ ይሁን። ተናደህ ነበር፤ ሰው ነህ። እናትህን ያየ እኔም እናደዳለሁ። ሰባት ወሩን ግን ምን ላድርገው ማስ? ሰባት ወር ሙሉ ብቻዬን ስቃጠል ቁጭ ብለህ ሻዬን ጠጣህ!»

«እንዳላጣሽ ፈርቼ ነው።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም ፈርቻለሁ» አላት። ዕንባው ያለ ድምፅ ይወርድ ነበር። «ግን ሁለተኛ ዝም ብዬ ያገኘሁሽ እንደሆነ፣ አጠገብሽ ተኝቼም አጥቼሻለሁ።»

ሩክሚኒ ውጣ ልትለው ፈለገች፤ ነገ አሥር ሰዓት ላይ የአባቷን እጅ ማን ይይዛል? ቅረብ ልትለው ፈለገች፤ ጣቶቿ ላይ ያ የዘይትና የሳንቲም ሽታ መጣባት። እሱም ከተንበረከከበት አልተነሳም፤ ፍርዱን እንደሚጠብቅ ሰው ወለሉን እያየ ቀረ። መካከላቸው ሐጂ ማስኩር ተቀምጠው አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን ያያሉ።

ሩክሚኒ ወደ አባቷ ዞረች። ሻርፗን ሰብስባ ግንባሯን ጉልበታቸው ላይ ጣለችና፣ እንደ ልጅነቷ ተጠግታቸው፣ በሹክሹክታ ጠየቀቻቸው።

«አባህ... ይቅር ልበለው?»

ሽማግሌው ቀስ ብለው፣ በዚያች በየዋህ ዓይናቸው እያዩዋት፣ አንገታቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

ሩክሚኒ ቀና ብላ ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ሌላኛውን ጥያቄ ግን አልጠየቀቻቸውም።